ፕላስተሩን እንዳትነኩ

ወደ ምድር ቤት ሊወርድ የገባበት ሊፍት እንደ ልማዱ መጀመሪያ ወደ ላይ ይዞት ወጣ። አንደኛ ፎቅ ላይ ሁለት የሌሊት ተረኛ ተንከባካቢዎች ገቡ፤ ፊታቸው እንቅልፍ አጥቶ አመድ መስሏል። ናፍታሊ ግሊክ ከኋላቸው ጥግ ይዞ ቆመ፤ ኮፍያው በእጁ ነው፣ የትራም ፌርማታው ብርድ ገና ከካፖርቱ አልለቀቀም። በአንድ መጦሪያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው እንደ ግድግዳ ነው፤ ሰው ይደገፈዋል እንጂ ልብ አይለውም። ሴቶቹም ልብ አላሉትም። "ሎሳን ዛሬ ሊያሰናብቷት ነው አሉ" አለች አንደኛዋ። ሁለተኛዋ ምን አድርጋ ብላ ጠየቀች። "ለአሥራ አራት ቁጥር ቀጭን ሻይ ሰጥታ ነዋ። ትን አለው፣ ፊቱ እስኪጠቁር አሳለ። ሌሊቱን ሙሉ ትኩሳት። ሐኪሙ ሳንባው ውስጥ ገብቷል ነው የሚለው።" ሁለተኛዋ ከንፈሯን መጠጠች። ሦስተኛ ፎቅ ሲደርሱ ወረዱ፣ በሩ ተዘጋ፣ ሊፍቱ ናፍታሊን ብቻውን ይዞ ቁልቁል ጀመረ። አሥራ አራት ቁጥር ወንድሙ ነው።

በቀጥታ ወደ አንደኛ ፎቅ መመለስ ነበረበት። አልተመለሰም። ወጥ ቤት ገብቶ ምድጃዎቹን ለኮሰ። ለራሱ የሚሰጠው ምክንያት አላጣም፤ በዚህ ቤት እሳት የሚለኮሰው በአይሁዳዊ እጅ ነው፣ እሱ ሳይለኩስ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ቱዋን እንቁላል እንኳ መቀቀል አይችልም፣ ላይ ደግሞ ዘጠና አራት ሽማግሌና አሮጊት ቁርሱን ይጠብቃል። ሰው ሲፈራ ሥራ ይወዳል። የኮሸር፣ በሃይማኖቱ ሕግ የተፈቀደ ምግብ፣ ተቆጣጣሪነት ማለትም ይኸው ነው፤ እሳት መለኮስ፣ የሰላጣውን ቅጠል እያንዳንዱን ለትል መፈተሽ፣ የሥጋው ቢላ ከወተቱ ማሰሮ ጋር እንዳይገናኝ ዘብ መቆም፣ በአይሁድ ፋሲካ ሰሞን ደግሞ እርሾ የነካው ነገር ከዓይን እንዲጠፋ ማድረግ። ዛሬ የፋሲካው ሦስተኛ ቀን ነው። ጠረጴዛው፣ መደርደሪያው፣ የማጠቢያው ጠርዝ ሳይቀር ፎይል ለብሶ ያብለጨልጫል። ጥግ ላይ የቂጣው ካርቶን እስከ ጣሪያው ተከምሯል፤ የካርላይል ጎዳናው ባለሱቅ ዘንድሮ አንዱን ፓኬት ዘጠኝ ዶላር አድርሶታል፣ ሰው ሁሉ እያጉረመረመ ይገዛል። ቱዋን እንቁላሉን ወደ ድስቱ እየደረደረ፣ ቀና ሳይል፣ ትናንት ከምሳ በኋላ ጀምሮ እስከ ማታ ስልኩ ላይ አሥር ጊዜ እንደደወሉለት ነገረው። በዓል ነው አያነሣም ቢላቸውም አልሰሙትም። ስለ አንድ ቁም ሳጥን ምናምን ነበር የሚሉት። ናፍታሊ የትኛው ቁም ሳጥን ብሎ አልጠየቀም። በሁለቱ ዋና የበዓል ቀናት ስልክ አይነካም፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። ግን በዓሉ ትናንት ጀምበር ስትጠልቅ አልቆ ነበር። ስልኩን ከመሳቢያው አውጥቶ መክፈት ይችል ነበር፤ ደከመውና ተኛ።

አሥራ አራት ቁጥር ውስጥ መጋረጃው ግማሽ ተከፍቷል። መስኮቱ የሚያሳየው የመኪና ማቆሚያውንና ቅጠሉን ያራገፈ አንድ ዛፍ ነው። ላዮሽ ግሊክ ትራስ ተደራርቦለት ቀና ብሎ ተኝቷል፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ዛሬ ግን ዘጠና ይመስላል። የኦክስጅኑ ቱቦ አፍንጫው ሥር ነው። ደረቱ ሲወጣ ሲወርድ የሆነ ነገር ውስጡ ይንኮሻኮሻል። ከራስጌው በላይ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ስትሮክ ከመታው በኋላ፣ የተለጠፈው ወረቀት አለ፤ "ማንኛውም ፈሳሽ እንደ ማር ወፍሮ ብቻ" ይላል። ቀጭን ነገር ለላዮሽ መንገድ ይስታል፤ ውሃም ሻይም ወደ ሆዱ በመሄድ ፋንታ ወደ ሳንባው ይሄዳል። ስለዚህ ሁሉም ነገር ዱቄት ተጨምሮበት፣ ተማስሎ፣ እስኪወፍር ተጠብቆ ነው የሚሰጠው። ሱሪ ሰፊ ነበር፤ አርባ ሠራተኛ አስተዳድሯል። ወንድሙ ናፍታሊ ሃይማኖት ሲያጠብቅ "የእግዜር ፖሊስ" የሚል ስም አውጥቶለት እስከ ዛሬ በዚያው ይጠራዋል።

የላዮሽ ልጅ ኢሎና ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበሩ ላይ አድራለች። ናፍታሊ ሲገባ ዓይኗን ከፈተች እንጂ አልተነሣችም። ከሃያ ዓመት በፊት አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው ስታገባ አጎቷ ሠርጓ ላይ አልተገኘም። ጠብ አልነበረም፤ ሕግ ነው ብሎ ነበር፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ሲገናኙ የሚያወሩት ስለ ላዮሽ ሽንትና ስለ መኪና ማቆሚያ ነው። አሁን ስለሁለቱም የሚወራ አልነበረም።

"ለምን አልደወልሽልኝም?" አላት።

"በበዓል ስልክ ታነሣለህ እንዴ አጎቴ?" አለችው። ንዴት የለበትም፤ ድካም ብቻ ነው። ከዚያ እያቆራረጠች ነገረችው። ትን ያለው ትናንት ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሐኪሙ መርፌ ወግቶታል። አባቷ ሆስፒታል አልወሰድም ብሎ በደህናው ጊዜ ስለፈረመ እዚሁ ይታከማል፤ ሐኪሙ እንዳለው የዛሬና የነገ ቀን ነው የሚወስነው። አንድ ጊዜ እንደገና ትን ካለው ግን አይተርፍም። ሌሊቱን ውሃ ጠማኝ ሲል የተነከረ ስፖንጅ ብቻ ከንፈሩ ላይ ሲያደርጉለት አደሩ፣ ማወፈሪያው ዱቄት የለም፤ ፋርማሲው ከሰዓት በኋላ ነው የሚያመጣው። "አልቆ ነበር ትላለች ያቺ ሴትዮ። ዱቄት አልቆ! ለዚህ ክፍል የምንከፍለውን ታውቃለህ።" ስልኳን ከፍታ የጻፈችውን አቤቱታ አሳየችው፤ ረጅም ነው፣ የሎሳ ስም አምስት ቦታ ተጠርቷል። ናፍታሊ መነጽሩን ሳያወጣ ያነበበ አስመሰለ። ዱቄቱ እንዳላለቀ ያውቃል። ስድስት ቆርቆሮ ሙሉ አለ። የት እንዳለም ያውቃል። የአልጋውን ብረት ያዘ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በፋሲካ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ለመግባት ሲጣደፍ፣ ናፍታሊ በየፎቁ እየዞረ ያልተፈተሸ ነገር ሲለቅም ነበር። አንደኛ ፎቅ ያለው የሻይ ክፍል ውስጥ ማወፈሪያዎቹን አገኘ። አንዱን አንሥቶ ጀርባውን አነበበ፤ የበቆሎ ዱቄት ይላል። በቆሎ እርሾ አይደለም። ግን ከአውሮፓ የመጡት አባቶቻቸው በፋሲካ ሩዝም ባቄላም በቆሎም አይበሉም ነበርና ናፍታሊ አይበላም፣ አያስበላም። እንዲያውም ይህን አስቦ ነበር፤ ለዚህ ሳምንት ከድንች የተሠራ ማወፈሪያ እንዲመጣ ከወር በፊት በትእዛዙ ዝርዝር አስገብቷል። የፋሲካው ጭነት የመጣው በዚያው ቀን ረፋድ ላይ ነው፤ ቂጣው፣ ዘይቱ፣ ወይኑ። ዝርዝሩ አርባ መስመር ነበረው፤ ናፍታሊ እስከ ሃያኛው ድረስ እያየ ምልክት አደረገ፣ ከዚያ ሾፌሩ ሲነጫነጭበት ግርጌው ላይ "ሁሉም ደርሷል" ብሎ ፈረመ። የድንቹ ማወፈሪያ ከሃያኛው በታች ነበር። አልመጣም። እሱ ግን መጥቷል ብሎ አምኖ ስድስቱን ቆርቆሮ ከብስኩቱና ከፓስታው ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተ፣ በሩን በቢጫ ፕላስተር አሸገ፣ በላዩ ላይ ስሙን ጻፈ። የሻይ ጋሪው ላይ የቀረ አንድ የተከፈተ ቆርቆሮ ነበር፤ እሱን አላየውም። ያ ቆርቆሮ ሁለት ቀን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አለቀ። በፎቁ ማወፈሪያ የሚያስፈልጋቸው አራት ናቸው፤ ሦስቱን በተፈጨ ፖም አሳለፏቸው። ላዮሽ ግን ሻይ አለ።

ናፍታሊ ወደ ሻይ ክፍሉ ሄደ፤ ቢጫው ፕላስተር እንዳለ አለ። በየዓመቱ ፋሲካ ሲቃረብ አዲሶቹን ተንከባካቢዎች ሰብስቦ የሚያስተምረው እሱ ነው። ከሁሉ በላይ አንድ ነገር አስታውሱ ይላቸዋል፤ ቢጫ ፕላስተር ካያችሁ እንዳትነኩ። ቢርባችሁም፣ ቢጠማችሁም፣ ቤቱ ቢቃጠልም እንዳትነኩ። በዚህ ጊዜ ሁሌ ይስቃሉ፤ እሱም ቀልዱን ስለሚወደው በየዓመቱ ይደግመዋል። አሁን የራሱን ፊርማ እያየ ቆመ። መቀስ በኪሱ አለ። አልቆረጠም። እንዲህ ባለ ሰዓት እንኳ እጁ ሕጉን ጠየቀ፤ ሰው እንደለመደው ነው። በኋለኛው በር ወጥቶ፣ ስልኩን ከፍቶ ለረቢው ደወለ።

ረቢው ወጣት ነው፣ ሁለት ጊዜ ሳይጠራ አነሣ። ናፍታሊ ነገሩን እንደማንኛውም የወጥ ቤት ጥያቄ ቀዝቀዝ አድርጎ አቀረበው፤ የበቆሎ ማወፈሪያ፣ ለታመመ ሰው፣ በፋሲካ። መልሱ ወዲያው መጣ። ለታመመ ሰው ይፈቀዳል፣ ይህማ ጥያቄም አይደለም፣ አሁኑኑ ቅደደው አለው። ከዚያ ቆም ብሎ፣ "ከበዓሉ በፊት ብትጠይቀኝ በአንድ ደቂቃ እነግርህ ነበር" አለ። "ለምን አልጠየቅከኝም?"

ናፍታሊ የማውቀው መስሎኝ ነበር አለ። እውነቱ ግን ከዚህ ይከፋ ነበር፣ ያንን እሱ ብቻ ያውቃል። ያልጠየቀው ይቻላል እንዳይሉት ነው። ሲከለክሉት ይቀለዋል፤ ክልክል ነገር ላይ ተሳስቶ አያውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ሲያጠብቅ የሚያጠብቀው በራሱ ላይ ይመስለው ነበር፣ ግን እሱ ጉሮሮው ደህና ነው። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይሏል፤ በሰው ጉሮሮም እንደዚያው ነው። ረቢው በሽተኛው ማን እንደሆነ ጠየቀው። "ወንድሜ ነው" አለና ዘጋው።

አንድ ነገር ቀርቶት ነበር። በፋሲካ እርሾ በአይሁዳዊ ንብረትነት መገኘት ስለሌለበት፣ የታሸገው ቁም ሳጥን ሁሉ በየዓመቱ ለስምንት ቀን በወረቀት አይሁዳዊ ላልሆነው አትክልተኛ ለስታቭሮስ ይሸጣል፤ ስምንት ቀን ሲሞላ ይመለሳል። በዚህ ሳምንት በሜልበርን ከተማ ከስታቭሮስ የበለጠ ብስኩትና ፓስታ ያለው ሰው የለም፤ ላዮሽ ደህና በነበረ ጊዜ "እንደምን አደርክ ባለጠጋው" እያለ ይቀልድበት ነበር። ስታቭሮስ መግቢያው ላይ ቅጠል ይጠርግ ነበር። ናፍታሊ ቀርቦ ከንብረቱ ላይ ስድስት ቆርቆሮ ለማውጣት ፈቃድ ጠየቀው። ሽማግሌው ግሪክ መጥረጊያውን አቁሞ ለምን እንደሆነ ጠየቀ፣ ተነገረው።

"ሰውዬው ውሃ ጠምቶት አንተ እኔን ፈቃድ ትለምናለህ?" አለ። "ትናንትም እዚሁ ነበርኩኮ። ማን ጠየቀኝ? ሂድ ቅደደው።" ከዚያ ፊቱን አዙሮ መጥረጉን ቀጠለ።

ፕላስተሩን ቆረጠ። አንዱን ቆርቆሮ ለነርሷ ሰጥቶ ለሦስቱ ሰዎች እንድታደርስ ነገራት፣ ሌላውን ይዞ በኮሪደሩ ሲያልፍ ሎሳን አያት። ከሥራ አስኪያጇ ቢሮ ፊት ለፊት ያለው የእንግዳ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ የደንብ ልብሷን አውልቃ በፕላስቲክ ከረጢት ይዛዋለች። ከቶንጋ ነች፣ ግዙፍ ሴት ናት፣ ስትሄድ ግን ድምፅ የላትም። በትምህርት ገበታ ላይ ናት፤ በሚመጣው ዓመት ነርስ ትሆናለች፣ ወይም ትሆን ነበር። ቀና ስትል መጀመሪያ ያየችው ቆርቆሮውን ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይጮህ ነበር፣ እሷ ግን ላዮሽ እንዴት አደረ ብላ ጠየቀችው። ናፍታሊ ከጎኗ ተቀመጠ። እንዴት እንደሆነ ንገሪኝ አላት።

ነገረችው። ከምሳ በኋላ ቆርቆሮው አለቀ። ወጥ ቤት ደወለች፣ ታሽጓል አሏት። ቁም ሳጥኑ ጋ ሄዳ ፕላስተሩን አየችው፣ ስሙን አነበበች፣ ስልኩ ላይ ደወለች፣ አስደወለች። ተረኛዋ ነርስ ለአንድ ቀን ከውጭ የተላከች ናት፣ ስለ ፕላስተር የምታውቀው የለም። ላዮሽ ሻይ ሻይ እያለ እጇን ያዘ። ነርሷ በማንኪያ ቀስ እያልሽ ስጪው አለች። "ሦስተኛው ማንኪያ ላይ ነው" አለች ሎሳ። "ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ብቀደው ኖሮ ምን ይመጣ ነበር? ግን እርስዎ ቤቱ ቢቃጠልም ብለው ነበር። የሃይማኖት ነገር ነው ብዬ ፈራሁ።" ወቀሳ አልነበረበትም፤ የሆነውን ነው የምትናገረው። ናፍታሊ ለቀልዱ ከሳቁት መካከል እሷ እንደነበረች አስታወሰ፤ ከሁሉም ዘግይታ ነበር የሳቀችው።

የሥራ አስኪያጇ ስም ዴብራ ነው። ክፉ ሴት አይደለችም። ለሃምሳ ነርስ ሥራ ሠላሳ ነርስ ይዛ የምትባዝን፣ ምሳዋን በመኪናዋ ውስጥ የምትበላ ሴት ናት። ጠረጴዛዋ ላይ የአደጋ ሪፖርቱ ተዘርግቷል። ናፍታሊ ቆርቆሮውን ወረቀቱ ላይ አስቀምጦ ሁሉንም ነገራት፤ በቆሎውን፣ ዝርዝሩን፣ ፊርማውን፣ ስልኩን። ዴብራ እስኪጨርስ ጠብቃ ተነሥታ በሩን ዘጋች። ሎሳም ስለ ፕላስተሩ ነግራት እንደነበር አመነች። ያልጻፈችው ረስታ አይደለም። በሪፖርቱ ላይ "ሻዩን የሰጠው ማን ነው" የሚል ቦታ አለ፣ ፕላስተር የሚል ቦታ የለም። ወረቀቱ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ለመንግሥት ይላካል፤ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ይሞላዋል።

"የፋሲካ ፕላስተር አንድ ሽማግሌ አነቀ ብዬ ልጻፍ?" አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ታየኛለህ? ስለኛ የሚባለው ሳይበቃ? ገንዘብ የሚሰጡን ቤተሰቦች ምን ይላሉ? አንተስ በዚህ ዕድሜህ?"

"እሷስ?"

"ሎሳ ሌላ ቦታ ታገኛለች።"

"በዚህ ወረቀት?"

ዴብራ ቆርቆሮውን ከወረቀቱ ላይ አነሣች። ሁለቱም ያውቃሉ፤ ስሟ በዚህ ከሄደ የትም መጦሪያ አይቀጥራትም፣ የነርስነት ፈቃዱም እዚያው ላይ ያበቃል። ውጭ አንድ ጋሪ እየተንኳኳ አለፈ። ዴብራ ዓይኖቿን አሸት አሸት አድርጋ፣ ለእሱም ለራሷም እያዘነች፣ የመጨረሻውን በር ከፈተችለት። "ደግሞ አንተ በዚህ ሳምንት አትጽፍም አይደል?" አለችው። "ከበዓሉ በኋላ ተረጋግተን እናየዋለን።"

እውነት ነው። በበዓሉ መካከለኛ ቀናት ጠንቃቃ ሰው አይጽፍም። ናፍታሊ አርባ ዓመት በእነዚህ ቀናት አልጻፈም፤ ለሚስቱ የገበያ ዝርዝር እንኳ በቃል ነው የሚነግራት። ደህና መውጫ ነበር፤ ከሕግ የተሠራ፣ ማንም የማይነቅፈው፣ እሱ ራሱ ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ብሎት የሚገባበት። ከበዓሉ በኋላ ግን የሎሳ ወረቀት ሄዷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው። ናፍታሊ እጁን ዘርግቶ ከጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶ አነሣ። በአዲስ ወረቀት ላይ፣ ቆሞ፣ ጎብጦ ጻፈ። ቁም ሳጥኑን ያሸግሁት እኔ ነኝ። ማንም እንዳይነካው ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ምትኩ መድረሱን ሳላይ ደርሷል ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሲደወልልኝ አላነሣሁም። ሎሳ ያስተማርኳትን ነው ያደረገችው። ስሙን ሙሉውን ጻፈ፣ ቀኑን ጻፈ፣ ዴብራ እያየች በማባዣው ማሽን አንድ ቅጂ አወጣ። ይህን ረቢውን አልጠየቀም።

ኢሎና መስኮቱ ጋ ቆማ አገኛት። ላዮሽ ዓይኑ ተከፍቷል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ምላሱን እያወጣ ያስገባል። ናፍታሊ ቅጂውን ለወንድሙ ልጅ እንደሚሰጥ ሰው ሳይሆን ለዳኛ እንደሚሰጥ ሰው በሁለት እጁ ሰጣት፤ ሕፃን ሳለች ትከሻው ላይ ተሸክሟታል። አነበበች። ድጋሚ አነበበች። ኦክስጅኑ ይተነፍሳል። ለመናገር ስታመነታ አገጯ እንደ ላዮሽ አገጭ ይንቀጠቀጣል፣ ናፍታሊ እስከ ዛሬ ልብ ብሎት አያውቅም።

"ሠርጌ ላይም እንዲሁ ነበር ያደረግከው" አለች በመጨረሻ። "አሽገህ ሄድክ።"

አዎ አላት። ይቅርታ የሚለው ቃል አፉ ላይ ነበር፣ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ቢያወጣው እንደ ጉቦ ይሆንበታል ብሎ ፈራ። ኢሎና ስልኳን አውጥታ አቤቱታውን ከፈተች። ከላይ ጀምራ የሎሳን ስም እየፈለገች ማጥፋት ያዘች፤ አንድ፣ ሁለት፣ እስከ አምስት። ስሙን ብቻ ነው የምቀይረው፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቀመጣል አለችው። "ቀይሪው" አላት። በየቦታው ናፍታሊ ግሊክ ብላ ስትጽፍ ቆሞ ጠበቀ።

ከዚያ ሊያደርገው የሚችለው አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ሻዩን ከጋሪው ቀዳ፣ ቆርቆሮውን ከፈተ፣ በማንኪያው ሦስት ለክቶ ጨመረ፣ አማሰለ። እስኪወፍር ጠበቀ። ማንኪያውን አንሥቶ አዘነበለው፤ ሻዩ እንደ ማር ተጎተተና ወደ ጽዋው ተመለሰ። ሐኪሙ በዚህ ውፍረት ከሆነ ይሞክር ብሎ ነበር። ናፍታሊ ወደ አልጋው ሲጠጋ ኢሎና መጥታ ጽዋውን ከእጁ ወሰደች። አልነጠቀችውም፤ ከሕፃን እጅ ስለት እንደሚወሰድ ቀስ ብላ ነው የወሰደችው።

"አንተ አይደለህም" አለች። "ሎሳን ጥራልኝ።"

ሄዶ ጠራት። ሎሳ የደንብ ልብሷን ከከረጢቱ አውጥታ ከደረበች በኋላ ገባች፤ እሱ ኮሪደሩ ላይ ቀረ፣ በሩ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ግድግዳው ላይ አረጋውያኑ የሚደገፉበት እንጨት አለ፤ ያዘው። ከውስጥ የሎሳ ድምፅ ይሰማል፤ ቀና ይበሉ፣ አገጭ ወደ ታች፣ አሁን ይዋጡ። አንደኛው። ናፍታሊ ትንፋሹን ይዞ ይሰማል፤ ወርዷል። ሁለተኛው ወረደ። ሦስተኛው ላይ እንጨቱን ጨበጠው፣ ጣቶቹ ነጡ። ማንኪያው ከጽዋው ጋር ሲጋጭ ሰማ። ሳል የለም። አሁንም የለም። ከዚያ የላዮሽ ድምፅ፣ እንደ ደረቅ ቅርፊት የተሰነጠቀ፣ ይህ በቆሎ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሎሳ በቆሎ ነው አለችው። በፋሲካ? በፋሲካ አለችው። ላዮሽ ሌላ ማንኪያ ዋጠ።

"የእግዜሩ ፖሊስ የት አለ?" አለ።

"በር ላይ ቆሟል" አለች ሎሳ።

ናፍታሊ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ጠበቀ። ግባ ያለው የለም፤ እሱም አልሄደም።